አፍንጫ ምስክር ሲያጣ

ዓይኑ የጠፋበትን ሰው በትሩ ይመሰክርለታል። ጆሮው የከበደውን ደጋግመን ስንጠራው እናውቅለታለን። እግሩ የተሰበረውንማ ጀሶው ይናገርለታል። «ምንም አይሸተኝም» ያለ ሰው ግን ምኑን ያሳየን? አፍንጫው እንደሆነ ቦታው ላይ አለ። እኛም አየት አድርገነው «ጉንፋን ነው፣ ይለቅሃል» ብለን ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን። አንዳንዱ ደግሞ «እንኳን ቀረብህ! በዚህ ከተማ ምን የሚሸተት ነገር አለና» ይላል።

ቀልዱ ያስቃል፤ ወሎ ላይ ግን አያስኬድም። ወልድያም ሆነ መርሳ ልጁ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ሳይል በፊት የሚቆላው ቡና ጠረን አጥር ዘልሎ ይደርሳል። እጣኑ አለ፣ አደስ የገባበት ቅቤ አለ። ይህ ሁሉ የጠፋበት ሰው ምግቡም ይጠፋበታል፤ ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው የአፍንጫ ሥራ ነውና። ከደስታው ባሻገር ደግሞ አደጋው አለ። ወጡ ሲያር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሲቃጠል፣ የማብሰያ ጋዝ ሲያፈተልክ፣ ያደረ ምግብ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚነግረን አፍንጫ ነው።

ችግሩ ብርቅ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ማሽተት አለመቻል የበሽታው ምልክት መሆኑን ያልሰማ ያለ አይመስለንም። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ተሻለው፤ ለወራትና ለዓመታት የቆየበትም አለ። ሳይነስ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚያድግ ትርፍ ሥጋ፣ እንደ ፓርኪንሰን ያለ የአንጎል ሕመምም ማሽተትን ይነሣሉ። የመኪና አደጋም እንዲሁ። ከአፍንጫችን ጣሪያ ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ አጥንት አለ፤ የማሽተት ነርቭ ክሮች የሚያልፉት በዚያ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ክሮቹ ሊበጠሱ ይችላሉ። ከወልድያ መርሳ በሞተር የምትከንፉ ወዳጆቻችን፣ ሄልሜት አድርጉ!

ጣጣው የሚመጣው ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅም ሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ አካል ጉዳት ካሳ ይደነግጋሉ። ግን የማይታይ ጉዳት በምን ይለካል? ሰውየው እውነቱን ይሁን ለገንዘቡ ብሎ በምን ይታወቃል?

እዚህ ላይ ነው መሣሪያው የሚገባው። ሲቲ ስካን የተሰበረውን አጥንትና የተዘጋውን ሳይነስ ያሳያል። ኤምአርአይ ደግሞ ከአንጎል ሥር የተኙትን፣ ከገብስ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡትን ሁለቱን ሽታ ተቀባይ ክፍሎች መጠን ይለካል፤ ማሽተት ባጡ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ኮስምነው ይገኛሉ። ሌላው የኤምአርአይ ዓይነት ለሰውየው ሽታ እየተላከለት የትኛው የአንጎሉ ክፍል እንደሚነቃ ይከታተላል። ተመርማሪው አንዲት ቃል አይተነፍስም!

ደስ ይላል አይደል? ግን ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። በኤምአርአይ ሲታዩ እነዚያ ሁለት የገብስ ፍሬዎች የሌሏቸው፣ ግን ደህና አድርገው የሚያሸቱ ሴቶች ተገኙ። ፎቶው ቤቱን እንጂ የቤቱን ጨዋታ አያሳይም ማለት ነው። የአንጎል መንቃትም ከሰው ሰው ስለሚለያይ ለጥናት እንጂ በአንድ ታማሚ ላይ ለመፍረድ ገና አልበቃም። ስለዚህ ፎቶው ምስክር ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም።

ደግሞስ የምናወራው ወልድያ ላይ ሆነን አይደል? ሆስፒታላችን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ በነበረችበት ጊዜ የተዘረፈ ነው። ከሀብሩ ገጠር የመጣን ገበሬ «ኤምአርአይ ካላመጣህ አናምንህም» ማለት በጨዋ ቋንቋ «አፍንጫህን ላስ» ማለት ነው።

እኛ የምንለው በቀላሉ ይጀመር ነው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እየተፋቀ የሚሸተት ባለ 40 ጠረን ፈተና አላቸው። ውስጡ ግን የዱባ ፓይና ሩት ቢር የሚሉት መጠጥ አለበት። የመርሳ ልጅ ሩት ቢርን ባይለይ አፍንጫው ታመመ ሊባል ነው? ቡና፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ነጭ ሽንኩርት ያለበት የራሳችን ፈተና ያስፈልገናል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ፣ ይኸውላችሁ!

በርበሬ ግን እንዳታስገቡ። በርበሬ የሚያስነጥሰን በሌላ ነርቭ በኩል ነው፤ ማሽተት ያጣ ሰውም ያስነጥሰዋል። ሐኪሞች አስመሳይን የሚጠረጥሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ እንደ አሞንያ ያለ የሚያቃጥል ነገር ያቀርቡለታል። ከልቡ ማሽተት ያጣ «አቃጠለኝ» ይላል። «እሱም አልተሰማኝም» ያለ ግን ራሱን ያጋልጣል። ይህን ለማወቅ ሚሊዮኖች የሚያወጣ ማሽን አያስፈልግም።

ፈተናውን የወደቀ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይላክ፤ ሐኪሙ የጭንቅላት ጉዳት ወይም የሚወጣ ሥጋ ከጠረጠረ ያኔ ፎቶው ይታዘዝ። ከቫይረስ በኋላ ማሽተት የጠፋበት ደግሞ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር አፍንጫውን ማለማመድ ይችላል። በጥናቶች የተለመዱት አራቱ ጠረኖች ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ናቸው። ሁሉንም አያድንም፤ የረዳቸው ግን ብዙ ናቸው። ሎሚና ቅርንፉዱ ወልድያ ገበያ፣ ባሕር ዛፉ ጓሯችን አለ።

ማሽኑ ይምጣ፤ አንቃወምም። እስኪመጣ ግን «አይሸተኝም» ያለንን ሰው «ከመቼ ጀምሮ?» ብለን እንጠይቀው። ምርመራ የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው፤ እሷ ደግሞ በነፃ ነች።