ብሮንዚን በልክ ይሸጥ፤ በልክም ይገዛ

ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ካሚዮን አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚሆነው በዚሁ ወደብ በኩል ያልፋል፤ አዲሱ የባቡር መሥመር በ2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራውን ቢጀምርም ብዙው ጭነት ዛሬም የሚመጣው በካሚዮን ነው። ይህን ሁሉ ዕቃ ከአፋር ቆላ አንሥቶ ወደ ደጋ የሚያወጣው የሞተር ኃይል ታዲያ የሚያልፈው፣ በእጅ መዳፍ ውስጥ በምትያዝ ስስ የብረት ቅርፊት በኩል ነው። ይህችም መካኒኮች ብሮንዚን የሚሏት ናት።

ብሮንዚን ሁለት ግማሽ ቅርፊቶች ገጥመው ዘንጉን የሚያቅፉበት ዕቃ ነው። ጀርባው ብረት ሲሆን ውስጡ በለስላሳ ማዕድን የተለበጠ ነው። በእርሱና በዘንጉ መካከል ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት ይኖራል፤ ይኸውም በጠቅላላው ግምት ዘንጉ 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት እንደ አንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ያለ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይት አይገባም፤ ከሰፋም ዘይቱ ይፈስሳል፣ ግፊቱም ይወድቃል። እንግዲህ ይህ ዕቃ በዓይን ግምት የሚሸጥ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

በገበያ የሚታየው ልማድ ግን ሌላ ነው። ገዢው ወደ ሱቁ መጥቶ የመኪናውን ስም ብቻ ይናገራል፤ ባለ ሱቁም ካርቶኑን ከመደርደሪያ አውርዶ ይሰጠዋል። ዘንጉ ቀደም ሲል በሪቲፊካ 0.25 ሚሊ ሜትር ተላግቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እንዲህ ባለው ዘንግ ላይ መደበኛው ልክ ቢገጠም ክፍተቱ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከሚገባው ስድስት እጥፍ ነው። ከዚህ በኋላ መካኒኩ ስሕተቱን ለማቃናት ሲል ከቅርፊቱ ሥር ቆርቆሮ ይደርባል፣ ወይም ክዳኑን በሞረድ ይሞርዳል። ይህም ቅርፊቱ ክብነቱን እንዲያጣና ሙቀቱን ወደ ብረቱ እንዳያስተላልፍ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ ድምፁ ያማረ ቢመስልም፣ ጥቂት ቆይቶ ዳገት ላይ ይቆማል። የዚያን ጊዜ የሚጠፋው ብሮንዚኑ ብቻ አይደለም፤ ዘንጉም፣ ቢየላውም፣ የተጫነው ዕቃ የመድረሻ ቀንም አብሮ ይጠፋል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ባለ መኪናው ሞተሩ ሳይመታ ማስመርመር ይገባዋል። ዳገት ላይ ከበድ ያለ የማንኳኳት ድምፅ ሲሰማ፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ የዘይቱ ግፊት ሲወርድ፣ ወይም በተቀየረው ዘይት ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ሲታይ ጊዜ መስጠት አይገባም። ኮፓ የሚባለው የዘይት ገንዳ ወርዶ፣ ክዳኖቹም ቦታቸው እንዳይለዋወጥ ምልክት ተደርጎባቸው በየተራ ሲፈቱ፣ ቅርፊቱ ራሱ ታሪኩን ይናገራል። የተጫረና ጠጠር የተሰካበት ከሆነ አቧራ ወይም ቆሻሻ ዘይት ገብቷል ማለት ነው። የመዳብ ቀለም ከወጣበት የላይኛው ልባጥ አልቋል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ቢየላው መጣመሙን ወይም ዘንጉ እኩል አለመሆኑን መጠርጠር ያስፈልጋል። ማዕድኑ ቀልጦ ከተጎተተ ዘይት አጥቶ ነበር። ምክንያቱ ሳይወገድ አዲስ ብሮንዚን ማግባት አሮጌውን ጥፋት በአዲስ ገንዘብ መግዛት ነው።

በሚለወጥበትም ጊዜ ዘንጉ በማይክሮሜትር ይለካ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ብሮንዚኑ ይገዛ። ክፍተቱን ለማረጋገጥ፣ ክዳኑ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ በስፋቱ ልኩን የሚያሳይ ስስ የላስቲክ ክር አለ፤ ዋጋውም ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የቅርፊቱ ጀርባ ደረቅና ንጹሕ፣ ውስጡ ግን ዘይት የተቀባ መሆን አለበት፤ ብሎኖቹም ፋብሪካው ባዘዘው ኃይል ይጠበቁ።

አስመጪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የ0.25፣ የ0.50 እና የ0.75 ልኮች ቶሎ ስለማይሸጡ ገንዘብ ያስራሉ፣ የውጭ ምንዛሪም በቀላሉ የሚገኝ አይደለም ይላሉ። ይሁን እንጂ ብሮንዚን ቦታ የማይዝ፣ በአግባቡ ከተቀመጠም የማይበላሽ ዕቃ ነው። ከዚህም በላይ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች ደጋግመው መታደሳቸው የማይቀር ነው። የታደሰ ሞተር ደግሞ የሚፈልገው መደበኛውን ልክ ሳይሆን ከመደበኛው ያነሰውን ነው። ዛሬ በመደርደሪያ የተኛ የሚመስለው ዕቃ ነገ የሚፈለገው ነው ማለት ነው።

ባለ ሱቁም በበኩሉ፣ ልክ የጠየቅሁት ገዢ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄድብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን አንዱ ብቻውን መጠየቁ ሳይሆን ሁሉም መጠየቁ ነው። የሶማሌ ተራም ሆነ የየከተማው የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች በአንድነት ተስማምተው፣ የዘንጉ ልክ ሳይነገር ብሮንዚን ባይሸጡ፣ በደረሰኙም ላይ የዕቃውን ልክና የሠራውን ፋብሪካ ስም ቢጽፉ፣ አመሳስሎ የተሠራውን ዕቃ ከእውነተኛው ለመለየት መንገድ ይከፈታል። ለዚህ ስምምነት ከንግድ ምክር ቤት የተሻለ መሰብሰቢያ አይገኝም።

ነጋዴ እህልን በሚዛን፣ ጨርቅን በሜትር ይሸጣል፤ ማንም በግምት ስጠኝ አይለውም። ካሚዮን ከነጭነቱ የሚንቀሳቀስበት ዕቃም በልኩ ይሸጥ ዘንድ መጠየቅ የበዛ ጥያቄ አይደለም።