በሬው ተካፈለ፤ ብድሩስ?
በደቡብ ጎንደር ባልና ሚስት ሲለያዩ ሽማግሌ በሬውን፣ ቤቱን፣ የድንች ማሳውን ሳይቀር ያካፍላል፤ ከቀድሞው አብቁተ፣ ከዛሬው ፀደይ ባንክ የመጣው ብድር ግን “የፈረመው ይክፈል” ተብሎ ይታለፋል። ይህ አጉል ፍርድ ነው። ለትዳሩ ጥቅም የተበደሩት ገንዘብ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የሁለቱም ዕዳ ነው፤ እነሱ የተስማሙበት የፍቺ ወረቀት ደግሞ ያልፈረመበትን አበዳሪ አያስረውም። ባልየው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው ቢቀር፣ የአበዳሪው ጥሪ የሚደርሳት ጣራ ገዳም ሥር ከነልጆቿ የቀረችው ሴት ናት። በቡድን ዋስትና የተወሰደ ከሆነማ ጎረቤትም አይተርፍም፤ እሱ መቼም በፍቺው አልተማከረም። እናም ሽማግሌዎቻችን፣ በሬው ከመነካቱ በፊት የብድር ውሉን አስመጡ፤ መጀመሪያ ከጋራው ሀብት ዕዳው ይከፈል፣ ከዚያ የተረፈውን አካፍሉ።