ሦስት ሰው ብቻ የሚጠራበት ስም

ባለፈው ጥር የወንድሜ ልጅ ለጥምቀት ከቪየና መጣች። የ13 ዓመት ልጅ ናት። ጎንደርን ያየችው በሕፃንነቷ ስለሆነ ሁሉም ነገር አዲስ ሆነባት። ከበዓሉ በኋላ፣ የፋሲል መዋኛው ግርግር ሲበርድ፣ ፒያሳ ወጥተን ከዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ፊት ለፊት አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እኔ ማኪያቶ፣ እሷ የአቮካዶ ጭማቂ። ገና ሳትቀምሰው ደብተር አወጣች።

«አክስቴ፣ የቤት ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት» አለችኝ።

መምህሯ ለክፍሉ ልጆች ሁሉ የሰጡት ሦስት ጥያቄ ነው። የቤተሰብ ስማችሁ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ስንት ሰው ይጠራበታል? አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ ወላጆቹ ከሀንጋሪ የመጡ ናቸው፤ ስሙ ኮቫች ነው። እሱ በአንድ ማታ ጨርሶ ተገላገለ። ኮቫች ማለት ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ቃሉ ከስላቭ ቋንቋ የገባ ነው፤ ሀንጋሪ ውስጥ 200 ሺህ ገደማ ሰው ይጠራበታል። አለቀ።

የልጂቱን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት ስለ ኮቫች ትንሽ ላጫውትዎ። በመካከለኛው ዘመን አንድ የሀንጋሪ መንደር ውስጥ አሥር ያኖሽ ሲኖር የትኛው ያኖሽ እንደሆነ በምን ይለያል? በሥራው። «ቀጥቃጩ ያኖሽ»፣ «ባለወፍጮው ያኖሽ» ይባላል። ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይህ መለያ ከአባት ወደ ልጅ ይወርድ ገባ፤ ልጁ መዶሻ ይዞ ባያውቅም ኮቫች ሆኖ ቀረ። ሳቦ ልብስ ሰፊ ነው። ሞልናር ባለወፍጮ፣ ታካች ሸማኔ፣ ፋዜካሽ ሸክላ ሠሪ፣ ቲማር ቆዳ ፋቂ ነው። ደግሞ የቤተሰቡን ስም ያስቀድሙና የራስን ስም ያስከትላሉ፤ ኮቫች ያኖሽ እንደማለት።

የስሙ ብዛትም የሙያውን ብዛት ተከትሎ የሄደ ነው። ቀጥቃጭ የሌለው መንደር አልነበረምና ኮቫች በየቦታው በቀለ። በአንጻሩ ኢይጃርቶ የሚባል የቤተሰብ ስም አለ፤ ቀስት ሠሪ ማለት ነው። ቀስት የሚሠራ ሰው ድሮም በየመንደሩ አይገኝም፤ ጠመንጃ ሲመጣ ደግሞ ሙያው ራሱ ጠፋ። ስሙ ግን በጥቂት ቤተሰቦች ዘንድ ዛሬም አለ። ቀስቱ ከጠፋ በኋላ ቀስት ሠሪው በመታወቂያ ላይ መኖሩ ያስገርመኛል።

ነገሩ የሀንጋሪ ብቻ አይደለም። እንግሊዙ ስሚዝ፣ ጀርመኑ ሽሚት፣ ዐረቡ ሐዳድ፣ ሩሲያዊው ኩዝኔትሶቭ ሁሉም ቀጥቃጮች ናቸው። ዓለም የሚጓጓላት መኪና ፌራሪም በስሟ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። ሹማኸር ደግሞ ጫማ ሰፊ ማለት ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲያጨበጭብ የኖረው ጫማ ሰፊው የቀጥቃጩን መኪና ሲነዳ ነው። ይህን ስነግራት ልጂቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ከዚያ ወደ እኛ ስም መጣን፤ ሳቁም ቆመ።

እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ ሀገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በልማድ የለም። ሰው የራሱ ስም አለው፤ ቀጥሎ የአባቱ፣ ሲያስፈልግ የአያቱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በለመደው ቀጠለ። ሚስትም አግብታ የአባቷን ስም አትጥልም። የሀንጋሪ ሴት በድሮው ወግ ስታገባ የባሏን ሙሉ ስም ወስዳ መጨረሻው ላይ «ኔ» ትጨምርና የራሷ ስም ከነአካቴው ይጠፋ እንደነበር ሳነብ፣ ለጎንደር ሴቶች ይህን ማን ደፍሮ ይነግራቸው ነበር ብዬ ሳቅሁ።

ችግሩ የሚመጣው የውጭ ሀገር ቅጽ ሲሞላ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ፤ ባዶ አይተውም። ወንድሜ በስደት ሲመዘገብ የአያታችንን ስም ጻፈበት። ልጆቹም ያንኑ ወረሱ። ሚስቱ በአባቷ ስም ቀረች። ስለዚህ ስሙን ሀገር ቤት ብዙ ሰው በግል ስምነት ይጠራበት ይሆናል፤ የእኛ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚጠሩበት ግን በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ወንድሜ፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ። ቀስት ሠሪው ኢይጃርቶ እንኳ ከእኛ ይበልጣል። «3» ብላ በደብተሯ ጻፈች፤ ደስ አላት መሰለኝ።

(እርስዎም ውጭ ሀገር ለሚወለዱ ልጆች ስም የምታስመዘግቡ ከሆነ አንድ ነገር ልምከር። የአባት ይሁን የአያት፣ አንዱን ስም መርጣችሁ በሁሉም ልጆች ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉት፤ የላቲን ፊደል አጻጻፉ ሳይቀር። አንዱ ልጅ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግቦ ወንድምና እህት መሆናቸውን በወረቀት ለማስረዳት የሚንከራተት ቤተሰብ አውቃለሁ።)

የስሙ ትርጉም አላስቸገረንም፤ ወላጅ ፈጣሪውን ያመሰገነበት ስም ነው። ቀጥላ ግን «ሥራውስ? ምን ነበር የሚሠራው?» አለችኝ።

«ገበሬ ነበር» አልኳት። ከአባቴ የሰማሁት ነው። ጻፈችው። ቀና ስል ዐይኔ ሐውልቱ ላይ አረፈና አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

የቋራው ካሣ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ተቸግረው ኮሶ ሸጡ ይባላል። ኮሶ ያኔ ደገኛው ሁሉ በየጊዜው የሚጠጣው የሆድ መድኃኒት ነው፤ መኳንንቱም ንጉሡም ይጠጡታል። ሻጯ ግን ትናቃለች። ካሣ ሲነሣ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» አሉት። ከጎንደር የተላኩበት ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን ስድብ ፎክረው ዘምተው፣ ተሸንፈው ሲማረኩ ካሣ ኮሶ እንዳጠጧቸው ይተረካል። በየካቲት 1847 ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡም ስድቡ ገና አልሞተም ነበር። ሀንጋሪ ቢሆን ኖሮ የቤተሰብ ስም ሆኖ በክብር ይወርድ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ እኚሁ ንጉሥ ጋፋት ላይ መድፍ ያሠሯቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች ስም ነው። አንዱ ዛልሙለር ነው፤ ሙለር ባለወፍጮ ማለት ነው። ሌላው ዋልድማየር ነው፤ ማየር ድሮ የጌታ እርሻ አዛዥ ነበር። የአያቶቻቸውን ሥራ በስማቸው ተሸክመው፣ ሠራተኛ በሚናቅበት ሀገር ሴባስቶፖልን ሠሩ።

በእኛ ዘንድ ሙያ በስም ላይ የሚወጣው ከፍ ያለ ሲሆን ነው፤ እሱም ከፊት ነው የሚቀመጠው። አለቃ፣ መሪጌታ፣ ነጋድራስ እንላለን። አለቃ ገብረሃናን ያለ «አለቃ» የሚጠራ የለም፤ አለቅነቱ ግን ለልጅ አይወርድም። የእጅ ሙያ ግን ስድብ ሆነ። ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ከዚያም ቡዳ ተባለ፤ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ተወራበት። ሸማኔውና ፋቂውም የየራሳቸው ስድብ አላቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠሩ መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል፤ አዋጅ እስኪያስፈልገው ድረስ ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ይገምቱ። የአዲስ አበባው ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ ባለሙያዎች ነው። ሙያው ለሰፈሩ ስም ሆነ፤ ሰውየው ግን እንዳይጠራበት ይሸሸው ነበር።

ልጂቱ ወደ ቪየና ከተመለሰች በኋላ «ገበሬ ነበር» ያልኩት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። አያቴ ምን ያህል መሬት እንደነበረው፣ ስንት በሬ እንደጠመደ የሚያወራ ሰው ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። የገበሬ ልጅ ስለ በሬ ሳያወራ ያረጃል እንዴ? አባቴ በሕይወት የሉም። የቀረችው እህታቸው ዳባት ናት። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድኩ።

ከጎንደር እንደወጡ ወለቃ ነው። የመንገዱ ዳር ሸክላ አሁንም ይሸጣል። እዚያ የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ ወንዱ ብረት ቀጥቅጦ ሴቷ ሸክላ ሠርታ፣ ለአካባቢው ገበሬ ማረሻና ድስት ሲያቀርቡ ኖረው በ1977ቱና በግንቦት 1983ቱ ዘመቻዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያም ለቤተሰብ ስም ሳጥን የአባትና የአያት ስም ተጻፈላቸው፤ እንደ ወንድሜ። በዕብራይስጥ «ነፓኽ» የሚባል የቤተሰብ ስም አለ፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ከወለቃ ቀጥቃጮች መካከል ያንን ስም የመረጠ ይኖር ይሆን እያልኩ አምባ ጊዮርጊስን አለፍን።

አክስቴ ዕድሜዋ ከ80 ያልፋል፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ቡና እስኪፈላ አልታገሥኩም፤ «እቴቴ፣ አያታችን ምን ነበር የሚሠራው?» አልኳት።

ጀበናውን አስቀመጠች። «ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ። «ማን ነገረሽ?» ሳይሆን «ማን ጠየቀሽ?» ነው ያለችው። ያኔ ገባኝ።

«የልጅሽ ልጅ» አልኳት። «ለትምህርት ቤት።»

ቀጥቃጭ ነበር። ክረምት ሲቃረብ ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ይዞ ደጁ ይሰለፋል፤ እሷ ልጅ ሆና ወናፉን ትነፋለች። ክፍያው እህል ነው፤ አዝመራው ሲገባ ይሰጣል። ማረሻ አሳልተው የሚሄዱት ሰዎች ግን ከቤታቸው ውሃ አይጠጡም። ሠርግ ቢጠሩም የሚቀመጡበት ቦታ የተለየ ነው። አባቴ ለአስኳላ ሲደርስ አያቴ እጁን ይዞ ራቅ ወዳለ ከተማ ወሰደው። መዝጋቢው «የአባት ሥራ?» ሲል አያቴ ራሱ «ገበሬ» አለ። ያን ዕለት አያቴ የአባቴን እጅ ጨምቆ ይዞ ነበር አሉ፤ «እኔ ስለነገርኩት ነው እንጂ ልጁስ አይዋሽም ነበር» ይል ነበር በኋላ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ገበሬ ነበር ስንል ኖርን።

አክስቴ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጉጠት ነው፤ የጋለ ብረት የሚያዝበት። አንዱ ክንዱ ከሌላው ያጥራል። «ራሱ የሠራው ነው» አለችኝ።

ፎቶ አነሣሁና ለቪየናዋ ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ መለሰች፦ «ምንድን ነው ስሙ በአማርኛ?» ጻፍኩላት። ቀጥሎ «እንግዲያ እኛም ኮቫች ነና!» የሚል መጣ፤ ከጎኑ የሚስቅ ፊት። ለአክስቴ አነበብኩላት። ኮቫች ማን እንደሆነ አስረዳኋት፤ ሀንጋሪ የት እንዳለ፣ 200 ሺህ ሰው እንዴት በዚህ ስም በአደባባይ እንደሚጠራ።

«ሁለት መቶ ሺህ?» አለች። «ሁሉም ቡዳ?»

ሳቄ መጣ፤ እሷም ሳቀች።

ስመለስ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ። ስለዚህ ነገር ለመጽሔቱ ልጽፍ እንደማስብ ስነግራት ጥቂት ዝም አለች። የልጅ ልጆቿ ዳባትም ጎንደርም አሉ፤ ሁለቱ ገና አላገቡም። «ለልጂቱ ሁሉንም ንገሪያት» አለችኝ። «ለመጽሔቱ ግን ስሙን አትስጪ።»

አልሰጠሁም።