ርዕስ ማዟዟር ክለሳ አይደለም

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናንና ከወምበርማ ተማሪ ለሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሂሳብ ትምህርት ክፍሎች

የሂሳብ ኮርስ የሚከለሰው ተማሪው ያቃተውን እንዲችል ነው። የተለመደው አሠራር ግን ሌላ ነው፤ ምዕራፍ ይቀድማል ወይም ይከተላል፣ የኮርስ ኮድና ክሬዲት ይቀየራል፣ ማጣቀሻው ላይ መጽሐፍ ይጨመራል። ረቂቁ በአውደ ጥናት ይጸድቃል። የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ግን ለውይይት አይቀርብም።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው ሂሳብ ከሎጂክና ከስብስብ ተነሥቶ በቁጥር ሥርዓትና በፈንክሽን አልፎ እስከ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይዘልቃል። ይዘቱ ነውር የለበትም። ችግሩ ከአሰጣጡ ነው፤ ትርጓሜ ይነገራል፣ ምሳሌ ይሠራል፣ ምሳሌውን የሚመስል መልመጃ ይሰጣል። ተማሪው የትኛው ቀመር የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ይለይና የምዕራፍ ስም የሌለው ጥያቄ ሲመጣበት ግራ ይጋባል።

አንድ ጥያቄ ይህን ያሳያል። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ማሳ የሚለካው በአብዛኛው በገመድ ነበር። አራቱም ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ማሳ ስፋቱ ስንት ነው? ቀመር የሸመደደ ተማሪ 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ወይም አንድ ቃዳ ብሎ ይመልሳል። ገመዱ ግን የጎኑን ርዝመት እንጂ ማዕዘኑን አይነግርም። ማሳው ዘመም ያለ ከሆነና ከማዕዘን ማዕዘን ሲለካ አጭሩ ሰያፍ 50 ሜትር ከወጣ፣ ማሳው ሁለት እኩል ጎን ሦስት ማዕዘኖች ነው፤ ስፋቱም 2,165 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ከቃዳው 335 ካሬ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚፈለገው አዲስ ቀመር ሳይሆን «የተሰጠው መረጃ ይበቃል ወይ? ካልበቃ ምን ልለካ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በትውልድ ሃንጋሪያዊ የሆነው የሂሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄ የመፍታትን ሥራ በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ ጥያቄውን መረዳት፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ መለስ ብሎ መፈተሽ። አሜሪካዊው የሂሳብ ትምህርት ተመራማሪ አላን ሾንፌልድ ደግሞ ተማሪዎች የሚወድቁት ዕውቀት አንሷቸው ብቻ ሳይሆን፣ በጀመሩት መንገድ ቆም ብለው ሳያስቡ ስለሚነጉዱ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። በክፍሉ ሲዘዋወር ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፤ ምን እየሠራችሁ ነው? ለምን? ምን ይጠቅማችኋል?

ክለሳው ከዚህ ይነሣ። በመጀመሪያ ያለፉት ፈተናዎች ወረቀት ተሰብስቦ ስህተቱ በዓይነቱ ይለይ። ቀጥሎ ይዘቱ ይቀነስና በየሳምንቱ የምዕራፍ ስም የሌለው አንድ ጥያቄ ይሰጥ። ፈተናውም ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ለዕቅዱና ለፍተሻው ነጥብ ይያዝለት። አዲሱ አሰጣጥ በአንድ ሴክሽን ተሞክሮ ውጤቱ ከታየ በኋላ ይስፋፋ።

ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ የሚል መከራከሪያ መነሣቱ አይቀርም። ለብዛቱ ተማሪዎቹን በትንንሽ ቡድን ማደራጀት ይቻላል። የመውጫ ፈተናም ቢሆን ምርጫዎቹን መርምሮ ለሚጥል ተማሪ ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ይህን ኮርስ ለይስሙላ መከለስ አያዋጣም።

እንግዲህ ቀጣዩ የክለሳ ስብሰባ ሲጠራ ከረቂቁ በፊት የተማሪዎቹ ወረቀት ይቅረብ።