ፈተናው አንድ፣ ፈቃዱ ሃምሳ

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ሰው ኢስተርን አቬኑን ያውቀዋል። በመንገዱ በአንዱ ወገን ዲሲ ነው፣ በሌላው ወገን ሜሪላንድ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሐበሻ በቀን ሁለት ሦስቴ ይሻገረዋል፤ እንጀራ ለመግዛት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም፣ ዘመድ ለመጠየቅ። የሚያስቆመው የለም። ነርስ ሆኖ ለሥራ ሲሻገር ግን ነገሩ ይለያል። ሜሪላንድ የምትኖር፣ መልቲስቴት የሚባለውን ላይሰንስ የያዘች ነርስ በዚያው ወረቀት ቴክሳስ ድረስ ሄዳ መሥራት ትችላለች። መንገዱን ተሻግራ ዲሲ ሆስፒታል ውስጥ ለአንድ በሽተኛ መድኃኒት ለመስጠት ግን ሌላ ፈቃድ ማውጣት አለባት።

ነርስ ጠፋብኝ እያለ በየጊዜው የሚጮህ አገር ውስጥ ይህ ለምን ይሆናል? ጥያቄው አዲስ አበባ ለተቀመጥን ሰዎች የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። እኛ ቤት ግን የኪስ ጉዳይ ነው። የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ባሏ ሥራ ስለቀየረ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ተዛወረች። ስቴቶቹን ልተዋቸው። ሆስፒታሉ ቀጥሯታል፣ የሥራ ልምዷም የስድስት ዓመት ነው። ለምርመራ የላከችው የጣት አሻራ “አልተነበበም” ተብሎ ተመለሰና እንደገና ተነሣች። በዚህ ምክንያት ሰባት ሳምንት ቤት ተቀመጠች። በሰዓት 40 ዶላር፣ በሳምንት 36 ሰዓት ብለን እናስላው፤ ሰባት ሳምንት ማለት ግብር ሳይቆረጥ 10,080 ዶላር ነው። ማመልከቻው፣ አሻራው፣ ማረጋገጫው ተደማምሮ ጥቂት መቶ ዶላር ቢሆን ነው። ሰው ስለ ላይሰንስ ሲያማርር የሚጠራው ክፍያውን ነው፤ ትልቁ ወጪ ግን ወረፋው ነው። በዚያን ወራት አክስቴም የተለመደችውን አላገኘችም፣ እሷም አልጠየቀች።

የነገሩ ሥር ረጅም ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሙያ ፈቃድ መስጠት የስቴት ሥልጣን ነው። ሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1903 የመጀመሪያውን የነርሶች ምዝገባ ሕግ ካወጣች በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ቦርድ፣ የራሱን ፎርም፣ የራሱን ክፍያ አቆመ። ያኔ ያስኬድ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱም ፈተናውም በየቦታው የተለያየ ነበርና። ዛሬ ግን ነርስ ለመሆን የሚወሰደው ኤንክሌክስ በሃምሳውም ስቴቶች አንድ ነው። መፈተኛው 200 ዶላር፣ ጥያቄው የሚወጣው ከአንድ ቋት። ኦሃዮ ያለፈ ሰው ኔቫዳ ሲሄድ ደግሞ አይፈተንም። ኢንዶርስመንት በሚባለው መንገድ “ይቺ ሴት አልፋለች፣ ክስም የለባትም” የሚል ማረጋገጫ ናርሲስ ከሚባለው የመረጃ ቋት በ30 ዶላር ይላካል። እንግዲህ ሁለተኛው ቦርድ የመጀመሪያው የመረመረውን መልሶ ነው የሚመረምረው ማለት ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ሚልተን ፍሪድማን ትዝ ይለዋል፤ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ከሕዝቡ ይልቅ ውስጥ ያሉትን ባለሙያዎች ይጠብቃል ብሎ ከስድሳ ዓመት በፊት ጽፎ ነበር።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው ኮምፓክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በጥቂት ስቴቶች ተጀመረ፣ በ2018 ታድሶ ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ሐሳቡ ከመንጃ ፈቃድ ጋር ይመሳሰላል፤ አንዱ አባል ስቴት የሰጠው ላይሰንስ በሌሎቹም ይሠራል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶ፣ ኦሃዮ አባል ናቸው። ከውጭ የቀሩትን ስትቆጥሯቸው ግን የእኛ ሰው የበዛባቸውን ቦታዎች ታገኛላችሁ፦ ዲሲ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሚኒሶታ፣ ኔቫዳ። ዋሽንግተን ስቴትም የገባችው በቅርቡ፣ በ2023 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮምፓክቱ የሚያየው የምትሠሩበትን ሳይሆን የምትኖሩበትን ነው። ዲሲ ተከራይታ ሜሪላንድ የምትሠራ ነርስ መልቲስቴት አይሰጣትም፤ ሜሪላንድ ላይ ብቻ የሚሠራ ፈቃድ ነው የምታገኘው። ሁለት መንገድ አልፋ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትከራይ ግን በአንድ ወረቀት ከ40 በላይ ስቴት ይከፈትላታል። የመኖሪያ ማስረጃው ደግሞ መንጃ ፈቃድ፣ የምርጫ ካርድ፣ የታክስ ፎርም ነው። የመኪና ኢንሹራንሱ ይረክሳል ብለው የድሮውን ስቴት መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚቆዩ ወዳጆቻችን (አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ) ይቺን ልብ ይበሉ።

ከአንዱ አባል ስቴት ወደ ሌላ አባል ስቴት የተዛወረ ሰው በ60 ቀን ውስጥ አዲሱ ቤቱ ማመልከት አለበት፤ እስኪወጣለት በድሮው ይሠራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ወረፋው አይቀርም፣ ግን ደመወዝ እየበሉ ነው የሚጠብቁት። አባል ካልሆነ ስቴት የሚመጣ፣ ወይም ወደዚያ የሚሄድ፣ ይህ ዕድል የለውም።

ውጭ አገር ለተማረ ደግሞ ተጨማሪ በር አለ። መልቲስቴት ለማግኘት ከተቀመጡት 11 መስፈርቶች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። ሕጉ የእንግሊዝኛ ፈተና የሚጠይቀው በሌላ ቋንቋ የተማረውን ብቻ አይደለም፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነውንም ጭምር እንጂ። ጎንደርም ሆነ ጅማ በእንግሊዝኛ ተምሬያለሁ ማለት ብቻውን አያድንም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም ግዴታ ነው። አንዱ የጎደለው ሰው ነርስነቱ አይቀርም፤ በአንድ ስቴት ብቻ የሚሠራውን ይይዛል፣ ሲዛወር እንደገና ይሰለፋል።

ከሁሉ የሚያደክመው የትምህርት ማስረጃው ነው። እዚህ ተምሮ የሄደ ነርስ ውጤቱን የሚገመግምለት ድርጅት፣ ሰዉ ሲጂኤፍኤንኤስ እያለ የሚያውቀው፣ ትራንስክሪፕቱን ከባለቤቱ እጅ አይቀበልም። ኮሌጁ ራሱ መላክ አለበት። ካሊፎርኒያን የመሰለው ስቴት ደግሞ የክፍል ትምህርቱና የሆስፒታል ልምምዱ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን መሰጠታቸውን ሁሉ ያጣራል። አንዳንድ ስቴቶች ይህን ግምገማ አሜሪካ ውስጥ ዓመታት ከሠራ ሰው እንኳ በዝውውር ጊዜ ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከአሜሪካ ቦርድ ወጥቶ እኛ አገር ሪጅስትራር ቢሮ ይገባል። ኮሌጁ ስሙን ቀይሮ ይሆናል፣ ፋይሉ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ላይ ይሆናል። ወንድም ወይም እህት ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ሦስት ቀን ይመላለሳሉ። በቀጥታ ለጠያቂው ድርጅት መላክ የሚያውቅ፣ የሚከታተል አንድ ሠራተኛ በየኮሌጁ መመደብ ዶላር አያስወጣም፤ ብዙ ዶላር ግን ያስገባል። ስለ ሬሚታንስ በየመድረኩ ለሚያወሩ ሹማምንት ከዚህ የቀለለ ሥራ አላውቅም።

ታዲያ ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ለምን አይገቡም? የነርሶች ማኅበራቱ ይቃወማሉ። ደረጃ ይወርዳል ይላሉ፤ ሌላ ስቴት የሰጠውን ፈቃድ የእኛ ቦርድ እንዴት ይቆጣጠረዋል ይላሉ። ከሁሉ የሚከብደው ክርክራቸው የሥራ ማቆም አድማ ነው፤ ነርሶች አድማ ሲመቱ ሆስፒታሉ ከሌላ ስቴት ሰው በቀላሉ ጭኖ ያመጣል የሚል። ደረጃው ላይ አልስማማም፣ ፈተናው አንድ ነውና። የአድማው ነገር ግን ተረት አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ነርስ የምትይዘው በሽተኛ ቁጥር በሕግ የተወሰነው በእነዚሁ ማኅበራት ጉልበት ነው፤ በዚያ ሕግ የሚጠቀሙት ውስጥ የእኛም ልጆች አሉ።

ደጋፊዎቹም ቢሆኑ አጋንነዋል። ኮምፓክት የነርስ እጥረትን ይፈታል ይባል ነበር። ክሪስቲና ዴፓስኳሌና ኬቨን ስታንጅ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2016 ባወጡት ጥናት ኮምፓክት የገቡ ስቴቶች ውስጥ የነርሶች አቅርቦትም ሆነ ዝውውር ሲጨምር አላገኙም፤ ድንበር ላይ በሚኖሩት ዘንድ እንኳ። ጥናቱን ያነበቡ አንዳንዶች “ታዲያ ምን ይጠቅማል?” ብለው ይደመድማሉ። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ሰው የሚዛወረው ለላይሰንስ ብሎ አይደለም፤ ባል ሥራ ያገኛል፣ ኪራይ ይወደዳል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። ላይሰንስ ኖረም አልኖረም ይሄዳል። ለውጡ ያለው ከደረሰ በኋላ ስንት ሳምንት ያለ ገቢ ይቀመጣል የሚለው ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ የዝውውር ቁጥር አያሳይም። ቁጠባ ያለው ቤተሰብ ሁለት ወር ይችላል። ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ አዲስ አበባም የሚጠብቀው ያለበት ቤተሰብ አይችልም።

በነርስ ረዳትነት ለሚሠሩት፣ ሲኤንኤ ለምንላቸው፣ ይህ ሁሉ ወሬ አይመለከታቸውም። ኮምፓክቱ እነሱን አላቀፈም። የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይላል፣ ካሊፎርኒያ 160 ትጠይቃለች፤ 75 ሰዓት ብቻ ተምሮ ወደዚያ የሄደ ረዳት ልዩነቱ ሊጠየቅ ይችላል። የእኛ ሰው የሚበዛው ደግሞ እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ልትዛወሩ ያሰባችሁ ነርሶች፣ አዲሱ ስቴት ለማመልከት እዚያ መድረስ አይጠበቅባችሁም። ኢንዶርስመንቱን አሁን ካላችሁበት ሆናችሁ መጀመር ይቻላል፤ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚሰጡ ስቴቶችም ስላሉ ቦርዱን በቅድሚያ ጠይቁ። አሻራውን ደግሞ ሶፋውን ከመሸጣችሁ በፊት ተነሡ።