ሳይሰሙ መፍረድ
(ስለ ሦስት ያልተዘመረላቸው የሮክ ሸክላዎች፤ ለሐያሲዎቻችን የተሰጠ መልስ)

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል ያገራችን ሰው። በኛ ግቢ ግን ሳይነጋገሩ መፍረድ፣ ሳይዙ መቅደድ ልማድ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ ማታ አንድ የአንደኛ ዓመት ልጅ በመኝታ ክፍላችን የብላክ ሳባትን «ሳቦታዥ» ከስልኩ ከፈተልን። የመጀመሪያው ዘፈን ግማሽ ሳይደርስ ሁለት ታላላቆቻችን ተሳሳቁ። አንደኛው «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጩኸት ነው?» አለ። ሁለተኛው፣ የሙዚቃ ሂስ እጽፋለሁ ባዩ፣ «የነሱ ሥራ ‹ፓራኖይድ› ነው። ይሄኛውን ማንም አያውቀውም። ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ልጁም ስልኩን ኪሱ ከቶ ወጣ። ጊታር የሚነካ ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጊታሩን ከአልጋው ሥር ሲያወጣ አላየሁትም። እኔም በዚያች ማታ ዝም ብዬ በመቀመጤ አፍሬ ይህችን ጽሑፍ ጻፍኩ።

ውድ አንባቢያን! «ጥሩ ቢሆን ይታወቅ ነበር» የምትለው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የሂስን ሥራ ከሥሩ ነቅላ የምትጥል ናት። እንዲህ ከሆነማ ሐያሲ ለምን ያስፈልገናል? የሽያጭ መዝገብ ያዥ ይበቃን ነበር። ብዛቱን ይደምራል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ደመወዙን ይቀበላል። እኔ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የተሠሩ ሦስት ሥራዎችን ምስክር አቁሜ ልሟገት። ዓመቱ 1975 ነው፤ እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በኛ አቆጣጠር 1967 ገደማ መሆኑ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር የወረደበት ጊዜ።

የመጀመሪያው ምስክር ከዲትሮይት፣ አሜሪካ ነው። ዴቪድ፣ ቦቢና ዳኒስ ሃክኒ የተባሉ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች ነበሩ። ከተማዋ የሞታውን ከተማ ናት፤ ከጥቁር ልጅ የሚጠበቀው ለስላሳ የፍቅር ዜማና ዳንስ ነበር። እነሱ ግን የፈጠነና የተቆጣ ሮክ መጫወት ጀመሩ። አባታቸውን በመኪና አደጋ ካጡ በኋላ ዴቪድ ለባንዱ «ዴዝ» ማለትም «ሞት» የሚል ስም አወጣ። በ1975 ስቱዲዮ ገብተው ሰባት ዘፈን ቀዱ። ወጪውን የሸፈነው ትልቅ ኩባንያ ግን ስሙን ለውጡ አላቸው፤ ዴቪድ አልለውጥም አለ። ነገሩ በዚያው ፈረሰ። በ1976 ከሰባቱ ሁለቱን በራሳቸው ገንዘብ 500 ያህል ቅጂ አሳትመው አከፋፈሉ። የቀረው ካሴት ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ዴቪድ በ2000 ሞተ። ሙሉው ሥራ «ፎር ዘ ሆል ወርልድ ቱ ሲ» ተብሎ የታተመው በ2009 ነው፤ ከተቀዳ ከ34 ዓመት በኋላ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የተባለው በነሱ ደረሰ።

እስኪ አሁን ለዚያ ወንድሜ ጥያቄ ላቅርብ። ይህ ሥራ 34 ዓመት ሙሉ «አይታወቅም ነበር»። ታዲያ እስከ 2008 ድረስ መጥፎ ኖሮ በ2009 ጥሩ ሆነ ማለት ነው? ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ እኮ አንዲት ጠብታ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የተለወጠው ነገር ቢኖር በሩን የከፈተ ሰው መገኘቱ ብቻ ነው። «ጊዜ ወንፊት ነው፤ ምርጡን ያስቀራል» የሚሉ አሉ። ወንፊት የሚነፋው የተጨመረበትን ዱቄት ነው። ወንፊቱ ላይ ጨርሶ ያልፈሰሰውን ጆንያ ምን ብሎ ይመዝነዋል?

ሥራውንም ካነሳን ላይቀር፣ 26 ደቂቃ ገደማ ናት። ትርፍ የላትም። የመጨረሻው ዘፈን «ፖለቲሽያንስ ኢን ማይ አይስ» ይባላል። ቤዝና ከበሮው እየተሯሯጡ ሄደው ሄደው በመሐል ድንገት ፍጥነታቸው ይረግባል፤ ከዚያ እንደገና ይነሳሉ። ፓንክ ተብሎ በኋላ ስም የወጣለት አካሄድ ነው። ስለ ፓንክ ሲወራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ራሞንስ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት በ1976 ነበር። ይህን ስል እነዴዝ ፓንክን ፈጠሩ ማለቴ አይደለም። ማንም ያልሰማው ሥራ ለማንም መንገድ ሊያሳይ አይችልም። የምለው፣ ታሪክ ጸሐፊው መንገዱ አንድ ብቻ ነው ሲለን ሌላም መንገድ እንደነበረ ይህቺ ካሴት ትመሰክራለች ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከዛምቢያ ነው። በ1970ዎቹ የዛምቢያ ወጣቶች የጊታራቸውን ድምፅ በፔዳል እያሻከሩ ዛምሮክ የተባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። መንግሥት ሬዲዮው አብዛኛውን ያገር ልጅ ሙዚቃ እንዲያሰማ አዝዞ ስለነበር በር ተከፍቶላቸዋል። ከነዚህ ባንዶች ስሙ የገነነው «ዊች» ነው፤ ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ «ጃጋሪ» ይባላል፤ ቅጽል ስሙ ከሚክ ጃገር የመጣ ነው። «ሌዚ ቦንስ» የተባለ ሥራቸው በ1975 ወጣ። ከዚያስ? የዛምቢያ ኑሮ በመዳብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ በዚያው ሰሞን የመዳብ ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። አገር ሲደኸይ ሸክላ የሚገዛ ይጠፋል፣ ጭፈራ ቤት ይዘጋል። ባንዶቹ ተበተኑ። በኋላም ኤድስ ብዙዎቹን ጨረሰ። ጃጋሪ ከመጀመሪያዎቹ የዊች አባላት ብቻውን ቀርቶ የከበረ ድንጋይ እየቆፈረ ይኖር ጀመር። ሸክላዎቹ በውጭ አገር እንደገና ታትመው ዓለም የሰማቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጃጋሪም እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2023 «ዛንጎ» የተባለ አዲስ አልበም በዊች ስም አሳተመ።

እንግዲህ ያ «ወንፊት» የተባለው ነገር ሲገለጥ ምን ሆኖ ተገኘ? የመዳብ ዋጋ! የሙዚቃ ጣዕም አይደለም፣ የጥበብ ሚዛን አይደለም፤ ለንደን ላይ የሚቆረጥ የመዳብ ዋጋ ነው። ሐያሲያችን «አይታወቅም» ብሎ ሲፈርድ ሳያውቀው የመዳብ ነጋዴውን ፍርድ ነው የሚደግመው።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል የቆመውንም ልንካው። በግቢያችን «ያልታወቀ ሸክላ አዳኝ» የተባለ ሌላ ወገን አለ። ይህኛው ተቃራኒውን ይላል፤ ማንም ካላወቀው ጥሩ ነው፣ ሰው ካወቀው ተበላሽቷል። የሰማውን ቆጥሮ የሚኮራ እንጂ ሰምቶ የሚነግር አይደለም። ኧረ ተው ወንድሜ! የማይታወቅ ሁሉ ዕንቁ ቢሆን ኖሮ ያንተ የመታጠቢያ ቤት ዘፈን የዓለም ቅርስ በሆነ ነበር። «ሌዚ ቦንስ»ን ብወደውም አንዳንዱ ዘፈን ሐሳቡን ሳይጨርስ እንደሚቆም፣ የቀረጻውም ጥራት ድምፃዊውን እንደሚጎዳው መናገር አለብኝ። ይህን መናገር እነጃጋሪን ማዋረድ አይደለም። ማዋረድስ «ለአፍሪካ ባንድ ደህና ነው» ማለት ነው። እኩል ማየት ማለት እኩል መመርመር ነው።

ሦስተኛው ምስክር ያ ዓርብ ማታ የተዘጋው «ሳቦታዥ» ነው። ብላክ ሳባት የበርሚንግሃም የወዝ አደር ልጆች ናቸው። ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። ላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክር ተጠቀመ፤ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ድምፁን ወደ ታች አወረደው። ዛሬ ሄቪ ሜታል የሚባለው ያ ከባድ ድምፅ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። «ጩኸት» ያልከው ወንድሜ፣ ማሽን ጣቱን የበላው ሠራተኛ የመለሰው መልስ ነው የሰማኸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1970 ሲወጣ ሌስተር ባንግስ የተባለው ስመ ጥር ሐያሲ «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት ላይ አራክሶ ጽፎ ነበር። ዛሬ ያ አልበም የሄቪ ሜታል መነሻ ተብሎ ይጠቀሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቢሆንም ለባንግስ አንድ ነገር እሰጠዋለሁ፤ ተሳሳተ እንጂ ስሙን በፍርዱ ሥር አስፍሮ ነው የተሳሳተው።

«ሳቦታዥ» የተቀዳው ባንዱ ከቀድሞ ሥራ አስኪያጁ ጋር ፍርድ ቤት ሲካሰስ ነው። የክስ ወረቀት ስቱዲዮ ድረስ ይመጣባቸው ነበር፤ የመጨረሻው ዘፈን «ዘ ሪት» የተባለው ከዚህ ነው። ቁጣው የመድረክ ቁጣ አይደለም፤ የተዘረፈ ሰው ቁጣ ነው። «ሲምፕተም ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» ላይ ጊታሩ አንዲትን አጭር ሐረግ እንደ መዶሻ ይደጋግማል፤ ከዓመታት በኋላ ትራሽ የተባለው ፈጣን ሜታል በዚህች ዘፈን ላይ ቀድሞ ይሰማል። ከዚያ ሰማዩ ድንገት እንደሚጠራ ሁሉ በቀላል ጊታር ያበቃል። «ሱፐርዛር» ላይ ደግሞ ዘፋኙ የለም፤ መዘምራን ናቸው ከጊታሩ ጋር የሚያዜሙት። ድክመትስ የለውም? አለው እንጂ! «አም አይ ጎይንግ ኢንሴን» የተባለው ዘፈን ከቀሩት ጋር ሲተያይ ቀላል ነው፤ የሬዲዮ ጆሮ ለማባበል የገባ ይመስላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቼ ነው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ምናችን እንደሆነ ልንገርህ። ጌታቸው መኩሪያ በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትር ቤትና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሳክስፎን የነፋ፣ ሽለላን ከጦረኛ አፍ ወስዶ ለሳክስፎን የሰጠ ሰው ነው። ሥራዎቹ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም በ2003 ለውጭው ዓለም ቀረቡ። «ዘ ኤክስ» የተባለ የሆላንድ ባንድ፣ በ1979 ከፓንክ ሠፈር የተነሳ፣ በጊታር የሚያንኳኳና የሚጮኽ ባንድ፣ በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘው። በኋላም ጌታቸው ራሱ አብረውት እንዲጫወቱ ፈለጋቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። ጌታቸው በ2016 እስኪሞት ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰባ የደረሰ አዛውንት የነዚያን ጊታሮች ጩኸት ሲሰማ አልተሳሳቀም። ሰማ፤ ገባው፤ ፎከረበት። ፉከራና ሽለላ ያሳደገው ጆሮ ጩኸት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያውቃላ! ሄቪ ሜታል ከሽለላ መጣ የሚል ቅዠት የለኝም። ግን የራሱን ሽለላ የረሳ ሰው ብቻ ነው የሌላውን ቁጣ «ጩኸት» ብሎ የሚዘጋው።

ይህን «ሞዓ አንበሳ» ከመካከላችን ስንቶቻችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምተነዋል? «ጥሩ ቢሆን ይታወቅ ነበር» የምትለው ሕግ እንዲህ ዞራ ዞራ የምትመጣው ቤታችን ነው። ዛሬ በዲትሮይትና በዛምቢያ ልጆች ላይ ስንፈርድባት፣ ነገ በጌታቸው፣ ከነገ ወዲያ ከአልጋው ሥር ጊታር ባስቀመጠው ልጅ ላይ ትፈርዳለች። እሱንም እኮ ማንም አያውቀውም!

ስለዚህ ለሐያሲዎቻችን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ አንድ አልበም ላይ ከመጻፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙት፤ እንደ ጥንቱ ሸክላ ፍለጋ መንከራተት የለም፣ ሁሉም ስልካችሁ ላይ አለ፣ በስማ በለው ለመጻፍ ምክንያት አጥታችኋል። ሁለተኛ፣ ሥራው ለምን እንዳልተሰማ ጠይቁ፤ ከሥራው ድክመት ነው ወይስ ከበሩ መዘጋት? ሁለቱን ሳይለዩ መፍረድ ድንቁርና ነው። ሦስተኛ፣ ወደዳችሁትም ጠላችሁትም የትኛው ዘፈን ላይ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ንገሩን፤ እኛም ሄደን እንድንሰማና እንድንሟገታችሁ።

ለዚያ የአንደኛ ዓመት ልጅ ደግሞ ያልኩትን እዚህም ልድገመው። ዓርብ ማታ ስልክህን ይዘህ ና፤ ጊታሩንም አምጣው። «ሳቦታዥ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። የሚስቅ ካለ፣ ካለቀ በኋላ ይሳቅ።