ቦርጩ በየት በኩል ወጣ?

የአክስቴ ልጅ ሰርጓ ደርሷል። ባለፈው ወር ቬሎ ልትለካ አብሬያት ሄጄ ዚፑ አልዘጋ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቧ ላይ ፌስታል ጠቅልላ ትሮጣለች፣ ማታ ስቲም ትገባለች፣ ምሳ ትዘላለች። ከስቲም ስትወጣ ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ቀንሶ ያሳያታል፤ በማግስቱ ጠዋት ግማሽ ኪሎው ቦታው ተመልሷል። «ይሄ ሁሉ ላብ ወጥቶ ስቡ የት ነው የሚቀረው?» አለችኝ በንዴት።

እርስዎስ ምን ይሏታል? ሰው ቦርጩ ሲጠፋ ስቡ የት ይሄዳል? ብዙዎቻችን «በላብ» እንላለን። «ወደ ጡንቻ ይለወጣል» የሚልም አይጠፋም። እውነቱ ግን አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽዎ ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከምሳዎ ነው። የበሉት እንጀራ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ ወደሚባለው ስኳር ይለወጣል፤ ደም ተሸክሞ ለየህዋሱ ያድለዋል። ህዋስ ግን ግሉኮሱን እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። የ200 ብር ኖት ይዘው ታክሲ ሲገቡ ረዳቱ እንዴት እንደሚያይዎት ያውቁታል። ህዋስም እንደ ረዳቱ ዝርዝር ይፈልጋል። የህዋስ ዝርዝር ሳንቲም ኤቲፒ ይባላል። ጡንቻ ሲኮማተር፣ ልብ ሲመታ፣ አሁን ይህን ሲያነቡ አንጎልዎ ሲሠራ የሚከፈለው በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ዝርዝር ኦክስጅን አይጠይቅም። አንድ ግሉኮስ ለሁለት ይሰበርና 2 ኤቲፒ ብቻ ይተርፋል። ቡሃቃዎ ውስጥ ያለው እርሾም አየር ባነሰው ጊዜ በዚህችው ትንሽ ገቢ ይኖራል፤ ሊጡን የሚያስነሳው፣ ለእንጀራውም ዓይን የሚያወጣለት ጋዝ የዚሁ ሥራ ትራፊ ነው። ኦክስጅን ሲኖር ግን የተሰበረው ግሉኮስ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባሉት ጥቃቅን የህዋስ ክፍሎች ይገባል። እዚያ ሐንስ ክሬብስ በ1937 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው፣ በኋላም የኖቤል ሽልማት ያገኘበት የኬሚካል ዑደት ይጠብቀዋል። ከዚያ ወጥቶ ሲያበቃ ከአንዱ ግሉኮስ የሚገኘው ኤቲፒ ወደ 30 ይደርሳል። ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ ይወጣል፤ ሃይድሮጅኑ ከተነፈሱት ኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ ውኃ ይሆናል።

የተከማቸ ስብም በዚሁ በር ነው የሚያልፈው። ሩበን ሚርማንና አንድሩ ብራውን የተባሉ አውስትራሊያ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን ሠርተው አሳትመውታል፦ ከ10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ 1.6 ኪሎው ውኃ ይሆናል። (ታዲያ ቶሎ ቶሎ ብተነፍስስ? እንዳይሞክሩት፤ ያዞርዎታል እንጂ አያከሳዎትም። ስቡ የሚቃጠለው ህዋሱ ሥራ ሲኖረው ነው።)

ስለዚህ የፌስታሉ ላብ ስብ አይደለም፤ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውኃና ጨው ነው። በሚቀጥለው ብርጭቆ ውኃ ይተካል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል፤ ፈጠን ያለ የአንድ ሰዓት እርምጃ ደግሞ እንደ ሰውየው ክብደት ከ250 እስከ 300 ያህል ያስወጣል። ሐኪሞች በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል የሚሉት ወደው አይደለም።

እኔን ያስፈራኝ ግን ምሳው ነው። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከምንጠቀመው ኃይል አንድ አምስተኛውን ይወስዳል፤ ዋናው ምግቡም ግሉኮስ ነው። የአክስቴ ልጅ በሦስተኛው ቀን ቢሮዋ ደረጃ ላይ አዙሯት ቁጭ ብላ፣ ባልደረባዋ ሻይ በስኳር አጠጥታ አነሳቻት። ያን ዕለት ማታ ደውላ ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ሰርጉ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አለች።

ሦስት ሳምንት ቢበዛ ሁለት ሦስት ኪሎ ነው፤ እሱም እየበላች፣ ጠዋት ጠዋት እየተራመደች። ፌስታሉን ጥላዋለች። ቅዳሜ ወደ ቬሎ ቤቱ ተመልሰን ስንሄድ ባለቤቷ ገና አይታን፣ ከኋላ በዚፕ ሳይሆን በገመድ የሚታሰር አወጣችልን።